የክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች በአንድ ማከማቻ ላይ ያላቸው ጥገኝነትና ለወለጋ ከተሞች የሚሰጠው ትምህርት

በነቀምቴ ከተማም ሆነ ከእርሷ አልፎ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የሚኖር ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲታከም፣ የተሰጠው አገልግሎት በወሩ መጨረሻ በሪፖርት ተጠቃሎ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞንና ወደ ክልል ጤና ቢሮ ይላካል። ይኸው ሰው የፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት ሲቀርብ የጣት አሻራውና የዓይን ብሌኑ ምስል ይወሰዳል። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊም በኮምፒዩተር ላይ በግዕዝ ፊደል ደብዳቤ ለመጻፍ የመተየቢያ ፕሮግራምና የፊደል ቅርጽ ያስፈልጋታል።

ለእነዚህ ሦስት ሥራዎች ከሚያገለግሉት ሶፍትዌሮች መካከል ዲኤችአይኤስ 2፣ ሞሲፕና ኪይማን የተባሉት ተጠቃሾች ናቸው። ሦስቱም በተለያዩ አገሮች፣ በተለያዩ ተቋማት የተዘጋጁ ቢሆኑም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሁሉም ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ሲሆኑ፣ አዘጋጆቻቸው ምንጭ ኮዳቸውን የሚያስቀምጡት ጊትሃብ በተባለውና የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ኩባንያ ንብረት በሆነው የኮድ ማከማቻ ላይ ነው።

ሶፍትዌሩ ክፍት መሆኑ ያለ ክፍያ ለመጠቀም፣ ለመመርመርና ለማሻሻል መብት እንደሚሰጥ ይታወቃል። ይሁን እንጂ መብቱ መኖሩና ቅጂው በእጅ መኖሩ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ማከማቻው ቢዘጋ፣ ቢበላሽ ወይም ወደዚያ የሚወስደው የኢንተርኔት መስመር ቢቋረጥ በእጅ የሚቀረው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ፣ ከዋና ከተማው ርቀው ለሚገኙ ተቋማት የተለየ ክብደት አለው።

ክፍት ምንጭ ሲባል

አንድ ሶፍትዌር ሲዘጋጅ በቅድሚያ ባለሙያ ሊያነበው በሚችል የፕሮግራም ቋንቋ ይጻፋል። ይህም ምንጭ ኮድ ይባላል። ለንግድ የሚቀርቡ ብዙ ሶፍትዌሮች ምንጭ ኮዳቸው ለገዢው አይሰጥም። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በአንጻሩ ማንኛውም ሰው ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲገለብጥ፣ እንዲያሻሽልና መልሶ እንዲያሰራጭ በሚፈቅድ ሕጋዊ ፈቃድ ይቀርባል።

የእንቅስቃሴው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ነጻ የኮምፒዩተር ሥርዓት ለመሥራት ያቀረቡት ጥሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተሰኘውን የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት ይፋ አደረጉ። ክፍት ምንጭ የሚለው ስያሜ በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በአሁኑ ወቅት በዓለም ላይ የሚገኙ አብዛኞቹ የኢንተርኔት ሰርቨሮችና የአንድሮይድ የእጅ ስልኮች በሊኑክስ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች በተለያዩ አገሮች ሆነው አንድን ኮድ ሲያሻሽሉ፣ ማን ምን እንደለወጠ የሚመዘግብ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል። የሊኑክስ ባለሙያዎች ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ተግባር ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተሰኘ የአንድ የግል ኩባንያ ምርት ነበር። ኩባንያው በ2005 እ.ኤ.አ. ያለ ክፍያ የመጠቀም ፈቃዱን በማንሳቱ ባለሙያዎቹ መሣሪያቸውን አጡ። በዚሁ ምክንያት ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት ጊት የተባለውን መሣሪያ ሠርተው በነጻ አሰራጩ። ጊት የተወለደው በአንድ ኩባንያ ፈቃድ ላይ ከመንጠልጠል ለመላቀቅ እንደነበር ልብ ሊባል ይገባል።

የጊት ዋነኛ ባሕርይ ማዕከል የማይፈልግ መሆኑ ነው። ኮዱን የገለበጠ ሰው የመጨረሻውን እትም ብቻ ሳይሆን ሥራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በነቀምቴ በሚገኝ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ሙሉ ቅጂ በካሊፎርኒያ ካለው ጋር እኩል ዋጋ አለው ማለት ነው።

ሁሉም ወደ አንድ ገበያ

ጊት ማዕከል የማያስፈልገው ቢሆንም ተጠቃሚዎቹ ግን የሚገናኙበት ቦታ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው ጊትሃብ ይህንን ፍላጎት አሟላ። ለክፍት ምንጭ ሥራዎች ያለ ክፍያ ቦታ ሰጠ፤ ስህተት የሚመዘገብበት፣ ማሻሻያ የሚቀርብበትና ውይይት የሚካሄድበት ገጽም አዘጋጀ። የወለጋ ቡና አምራች ገዢ ወደሚበዛበት ገበያ ምርቱን ጭኖ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የሶፍትዌር ባለሙያውም ተባባሪ ወደሚበዛበት ማከማቻ አመራ። ባለሙያው በበዛ ቁጥር ሌላው መከተሉ አልቀረም።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ጊትሃብን በ7 ነጥብ 5 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ዋጋ ባለው አክሲዮን ለመግዛት መስማማቱን ሲያስታውቅ ማከማቻው 28 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ነበሩት። ግዢው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ተጠናቀቀ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የተጠቃሚዎቹ ቁጥር 100 ሚሊዮን መድረሱን ኩባንያው ይፋ አድርጓል። ጊትሃብ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤንፒኤም የተባለውን፣ የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም አውጪዎች ዝግጁ የሆኑ የኮድ ጥቅሎችን የሚወስዱበትን ማከማቻ ገዝቷል። በመሆኑም ኮዱም፣ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመለወጥ የሚያስፈልጉት በርካታ ጥቅሎችም በአንድ ባለቤት እጅ ገብተዋል።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

የጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና መረጃ አያያዝ ያሰራጨው ዲኤችአይኤስ 2 በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጅ ሶፍትዌር ነው። ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። የክትባት፣ የወሊድ አገልግሎት፣ የወባና የሌሎች በሽታዎች ወርኃዊ ሪፖርት በዚሁ ሥርዓት አማካኝነት ከጤና ጣቢያ እስከ ሚኒስቴሩ ይደርሳል።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተገነባው በሞሲፕ ላይ ነው። ሞሲፕ በሕንድ ባንጋሎር ከተማ በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ከ2018 እ.ኤ.አ. አንሥቶ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ አገሮች የብሔራዊ መታወቂያ ሥርዓታቸውን በአንድ ሻጭ ኩባንያ ላይ ሳይጥሉ እንዲገነቡ ታስቦ የተሠራ ነው።

በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የቤተ መጻሕፍት ካታሎግን በኮሃ፣ የመመረቂያ ጽሑፎች ክምችትን በዲስፔስ፣ የኢንተርኔት ትምህርትን ደግሞ በሙድል ማከናወን የተለመደ ሆኗል። ሦስቱም ክፍት ምንጭ ናቸው።

በቋንቋ ረገድም ተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ደረጃ ካገኘ ወዲህ በርካታ ነጻ መሣሪያዎች ተዘጋጅተዋል። የኪይማን የአማርኛ መተየቢያና አቢሲኒካ የተሰኘው የፊደል ቅርጽ ተጠቃሾች ናቸው። በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ማይክል ጋሰር ያዘጋጁት ሆርንሞርፎ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን እርባታ የሚተነትን ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የቀረበውና አፍሪሴንቲ የተሰኘው የ14 ቋንቋዎች የጥናት ክምችትም አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን አካቷል። የእነዚህ ሁሉ ኮድ ወይም መረጃ በጊትሃብ ላይ ይገኛል። በወለጋ ሰፊው ሕዝብ የሚናገረውን ኦሮምኛ ለኮምፒዩተር ለማስተማር የተደከመበት ሥራ መገኛው እዚያው ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በጊትሃብ ላይ የሚገኘው ሶፍትዌሩ የተሠራበት ኮድ እንጂ በሶፍትዌሩ የተሰበሰበው መረጃ አይደለም። የታካሚዎች ሪፖርትም ሆነ የተመዝጋቢዎች አሻራ እዚያ አይቀመጥም። ስለሆነም ጊትሃብ ለአንድ ቀን ቢዘጋ ጤና ጣቢያዎች ሥራቸውን አያቋርጡም። ችግሩ የሚመጣው ሶፍትዌሩን እንደገና መጫን፣ የጸጥታ ቀዳዳውን መድፈን ወይም ከአገሪቱ አሠራር ጋር ማጣጣም ሲያስፈልግ ነው። የተጫነ ሶፍትዌር ጥገና ሳያገኝ ረጅም ጊዜ ሊቆይ አይችልም።

እስካሁን ያጋጠሙ ችግሮች

የመጀመሪያው የቴክኒክ ብልሽት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2018 በጊትሃብ የመረጃ ማዕከላት መካከል ያለው ግንኙነት ለ43 ሰከንዶች ብቻ ተቋረጠ። በዚህ ሳቢያ የመረጃ ቋቶቹ በመለያየታቸው አገልግሎቱ ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ያህል ተስተጓጎለ።

ሁለተኛው የአሜሪካ ሕግ ነው። ጊትሃብ በአሜሪካ የሚገኝ ኩባንያ እንደመሆኑ መጠን የዚያችን አገር የማዕቀብ ሕግ ይፈጽማል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በኢራን፣ በሶሪያና በክራይሚያ የሚኖሩ ተጠቃሚዎች ለሕዝብ ክፍት ያልሆኑ ማከማቻዎቻቸውንና ሌሎች አገልግሎቶችን እንዳይጠቀሙ ገደብ ተጣለባቸው። ለኢራን ተጠቃሚዎች አገልግሎቱ የተመለሰው ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት ልዩ ፈቃድ ካገኘ በኋላ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ገደቡ የወደቀባቸው ባለሙያዎች መለኪያ የሆነባቸው የጻፉት ኮድ ሳይሆን የሚኖሩበት ቦታ ነበር።

ሦስተኛው የባለመብቶች አቤቱታ ነው። ዩቲዩብ ዲኤል የተባለው የቪዲዮ መገልበጫ ፕሮግራም በአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር አቤቱታ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ከጊትሃብ ተነሥቶ በቀጣዩ ወር ሊመለስ ችሏል። በእነዚያ ሳምንታት ሥራው ያልጠፋው ቅጂው በብዙ ሰዎች እጅ ስለነበረ ነው።

አራተኛው የባለቤቱ የንግድ ውሳኔ ነው። ጉግል ኮድ የተባለውን ማከማቻ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2006 ከፍቶ በመጋቢት 2015 እንደሚዘጋው አስታወቀ፤ በጥር 2016ም ዘጋው። ጊቶሪየስ የተባለው ሌላ ማከማቻ እንዲሁ በ2015 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ጊትሃብን በተመለከተ ደግሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቶማስ ዶምኬ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ኃላፊነታቸውን እንደሚለቁ ሲያስታውቁ፣ ኩባንያው በማይክሮሶፍት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ክፍል ሥር ይበልጥ እንደሚጠቃለል ተገልጿል።

አምስተኛው ጥገኝነቱ ከኮዱ አልፎ ወደ ጥቅሎች መዝለቁ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 አንድ ፕሮግራም አውጪ 11 መስመር ብቻ የነበረውን ሌፍት ፓድ የተባለ ጥቅል ከኤንፒኤም በማንሳቱ በዓለም ዙሪያ በርካታ ፕሮግራሞች መገንባት አቅቷቸው ነበር። የአንድን ሶፍትዌር ኮድ በእጅ መያዝ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይህ አጋጣሚ አሳይቷል።

ስድስተኛው የመስመር መቋረጥ ነው። መንግሥታት ማከማቻውን የዘጉበት ጊዜ አለ፤ ሕንድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014፣ ቱርክ በጥቅምት 2016 ይህንኑ ማድረጋቸው ይጠቀሳል። በኢትዮጵያም በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ከታኅሣሥ 24 እስከ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የጤና ተቋማት ከምንጊዜውም በላይ መረጃና መሣሪያ በሚሹበት ሰዓት የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ነዋሪዎች ከኢንተርኔት ውጪ ነበሩ። ለእነርሱ የጊትሃብ ሰርቨር መሥራቱም ሆነ አለመሥራቱ ልዩነት አልነበረውም። በዚያ ወቅት ሊያገለግል የሚችለው አስቀድሞ በአካባቢው የተቀመጠ ነገር ብቻ ነበር።

የሚቀረውና የሚሄደው

ማከማቻው ባይኖር ምን ይቀራል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለት ክፍል አለው። በጊት የተያዘው ኮድና የለውጥ ታሪኩ በየትኛውም ሙሉ ቅጂ ውስጥ ይቀራል። ፈቃዱም አይሻርም፤ ኮዱን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው የመጠቀምና የማሰራጨት መብቱ ይጠበቃል።

በአንጻሩ በጊት ውስጥ የማይገቡ ነገሮች አሉ። ተጠቃሚዎች ያመለከቷቸው ስህተቶች ዝርዝር፣ አንድ ማሻሻያ ለምን እንደተቀበሉት ወይም እንደተዉት የሚያሳየው ውይይት፣ የአስተዋጽኦ አድራጊዎች አካውንትና ማንነት፣ ኮዱን በራሱ ጊዜ የሚፈትሸውና የሚገነባው አገልግሎት፣ ለተጠቃሚ የተዘጋጁት የመጫኛ ፋይሎች በማከማቻው ባለቤት ሰርቨር ላይ የሚገኙ ናቸው። ኮዱ የሥራው አካል ከሆነ ውይይቱ የሥራው ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው ሲጠፋ አዲስ የሚመጣ ባለሙያ ከዓመታት በፊት የተፈታውን ችግር እንደገና ለመፍታት ይደክማል።

ሌላ መንገድ የመረጡ

ሁሉም ክፍት ምንጭ ሥራዎች በጊትሃብ ላይ ብቻ የተመሠረቱ አይደሉም። የሊኑክስ ዋነኛ ማከማቻ በራሱ ሰርቨር ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በጊትሃብ ላይ ያለው ቅጂው ብቻ ነው። በኒውዚላንድ አንድ የገጠር ቤተ መጻሕፍት አስተዳደር አሠርቶት እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሥራ የጀመረው ኮሃ የራሱን የኮድ ማከማቻ ያስተዳድራል። ጂኖምና ኬዲኢ የተባሉት ሁለት ታላላቅ ሥራዎችም ኮዳቸውን በራሳቸው ሰርቨር ላይ ያስተዳድራሉ። በአሜሪካ የሚገኘው የሶፍትዌር ነጻነት ተሟጋች ድርጅት ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ከጊትሃብ መውጣቱን አስታውቆ ሌሎችም እንዲከተሉት ጥሪ አቅርቧል። ዚግ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጆች በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. በጀርመን በርሊን ወደሚገኘውና ለትርፍ ወዳልተቋቋመው ኮድበርግ ተሸጋግረዋል።

ከጥበቃ አኳያም የተወሰዱ እርምጃዎች አሉ። የፈረንሳዩ ኢንሪያ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገውና ከዩኔስኮ ጋር የሚሠራው ሶፍትዌር ሄሪቴጅ በዓለም ላይ በይፋ የሚገኙ ኮዶችን እየሰበሰበ ያስቀምጣል። ጊትሃብ ራሱም እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 2020 የነበሩትን ይፋዊ ማከማቻዎች በ186 የፊልም ጥቅልሎች ቀርጾ በኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴቶች በሚገኝ የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ አኑሯል።

ይህ ማለት ግን የራስን ሰርቨር መትከል ብቻውን መፍትሔ ነው ማለት አይደለም። የፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2017 በተቃራኒው ከራሳቸው ሰርቨር ወደ ጊትሃብ የተዛወሩት ሥራውን ለማቅለልና አዳዲስ ተሳታፊዎችን ለመሳብ ነው። የራስ ሰርቨር የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የሠለጠነ ባለሙያና ተከታታይ ጥበቃ ይጠይቃል። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ሠራተኛው በስህተት የመረጃ ቋቱን ሲሰርዝ፣ ተዘጋጅተዋል የተባሉት የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም እንደታሰበው ሳይሠራ ቀርቶ የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ አጥቷል። ያልተፈተሸ መጠባበቂያ እንደሌለ ሊቆጠር እንደሚገባ ይህ አጋጣሚ ያስረዳል።

ለወለጋ ተቋማት የሚበጀው

በወለጋ ይህንን ሥራ ሊሸከም የሚችል መሠረት አለ። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶች አሉት። ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲም በቄለም ወለጋ ይገኛል። የአገሪቱን ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተሳሰር የተቋቋመ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክም አለ። በዚህ ሁኔታ ሊከናወኑ የሚችሉት ተግባራት የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተቋም የሚጠቀምባቸውን ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች፣ የተጫነውን እትም ቁጥርና የኮዱን መገኛ በዝርዝር መመዝገብ ይኖርበታል። የሚጠቀምበትን የማያውቅ ተቋም ምን እንዳጣ ሊያውቅ አይችልም።

ሁለተኛ፣ የእነዚህን ሶፍትዌሮች ሙሉ የጊት ቅጂ በአካባቢው ሰርቨር ላይ ማኖርና በየጊዜው ማደስ ይቻላል። ጊቲና ፎርጄዮ የተባሉት ነጻ ሶፍትዌሮች መጠነኛ አቅም ባለው ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ ሲሆን፣ በውጭ የሚገኝን ማከማቻ በተወሰነ ሰዓት እየገለበጡ የማደስ አገልግሎትም አላቸው። መስመሩ ሲገኝ ይታደሳል፤ ሲቋረጥ የመጨረሻው ቅጂ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ከኮዱ ጎን ለጎን ለግንባታ የሚያስፈልጉትን ጥቅሎች፣ የመጫኛ ፋይሎችንና መመሪያዎችን፣ እንዲሁም የስህተት ዝርዝሮችን አብሮ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

አራተኛ፣ ጊት ኮዱን ከነታሪኩ በአንድ ጥቅል ፋይል አድርጎ ማውጣት ይችላል። የአብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ጥቅል በአንድ የኪስ ፍላሽ ላይ ስለሚያዝ፣ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ሻምቡ በሚሄድ ሠራተኛ እጅ ሊደርስ ይችላል። ተቀባዩም ያለ ኢንተርኔት ሥራውን ይቀጥላል።

አምስተኛ፣ ቅጂው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሊፈተሽ ይገባዋል። ፈተናው ቀላል ነው፤ የኢንተርኔት መስመሩን ነቅሎ፣ በአካባቢው ካለው ቅጂ ብቻ ሶፍትዌሩን በባዶ ኮምፒዩተር ላይ መጫን ነው። መጫን ካልተቻለ የጎደለው ነገር በዚያው ይታወቃል።

ስድስተኛው ተማሪዎችን የሚመለከት ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን በግል አካውንቱ ላይ ብቻ ካስቀመጠ፣ የይለፍ ቃሉን ሲረሳ ወይም አካውንቱ ሲዘጋ ሥራው ከትምህርት ክፍሉ እጅ ይወጣል። ለኦሮምኛና ለአማርኛ የሚሠሩ መዝገበ ቃላት፣ የፊደል ማረሚያዎችና የንግግር ክምችቶች በዚህ መንገድ እንዳይባክኑ አንድ ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግ ለማሠልጠን መርሐ ግብር ይፋ ማድረጉ ይታወሳል። ኮድ የሚጽፍ ወጣት በበዛ ቁጥር የሚጻፈው ኮድ የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄም አብሮ ይሰፋል።

ከእነዚህ ተግባራት አንዱም ጊትሃብን መተው አይጠይቅም። አንድ የነቀምቴ ወጣት ከዓለም ባለሙያዎች ጋር የሚሠራበት፣ ሥራውን ለቀጣሪ የሚያሳይበትና የሌላውን እያየ የሚማርበት ቦታ በአሁኑ ጊዜ እዚያው ነው። የሚጠየቀው ማከማቻውን እንደ መገናኛ መጠቀምና ቅጂውን በቤት መያዝ ነው።

ነቀምቴ ለዚህ የቀረበ ታሪክ አላት። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በኦሮምኛ የተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ነበር። በዘመኑ ሥራውን ሊያትም የሚችል ማተሚያ በወለጋ አልነበረም። ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በ1931 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በነቀምቴ ሲያስተምሩ፣ ማተሚያ ቤቱ ባሕር ማዶ መሆኑ መጽሐፉን ከመነበብ አላገደውም። ቅጂዎቹ በአንባቢዎቹ እጅ ነበሩና።